በሸራ አልጋ ላይ ተመችቶ ለማደር

ኅዳር ነበር። ሰሜን ተራሮች፣ ጨነቅ ካምፕ፣ 3,600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጀርባዬ ቀዝቅዞ ነቃሁ። ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ውስጥ ነኝ፣ በላዩ ጋቢ ደርቤያለሁ፣ በጋቢው ላይ ደግሞ ጃኬቴን ጥያለሁ። ደረቴ ሞቋል። ከትከሻዬ እስከ ዳሌዬ ያለው ግን እርጥብ ጨርቅ የተለጠፈበት ያህል በርዶታል። በጎኔ ስዞር የዞርኩበት ጎን ይበርዳል። የተኛሁት አዲስ በገዛሁት ታጣፊ የሸራ አልጋ ላይ ነው። መሬት ላይ መተኛት ወገቤን ስለሚያመኝ፣ አሁንስ ተገላገልኩ ብዬ ነበር ይዤው የሄድኩት።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ወጥቼ ስካውቶቹ፣ የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ወዳሉበት ጎጆ ሄድኩ። እሳት ነበራቸው። አንደኛው ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ እጄን ሳሞቅ አይተው ምን እንደለበስኩ፣ ምን እንዳነጠፍኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ያለህን ሁሉ ከላይህ ቆለልከው። ብርዱ የሚገባው ከሥርህ ነው። ጋቢህን እጠፈውና ተኛበት» አሉኝ። ተመልሼ ጋቢውን ከላዬ አነሳሁና አጥፌ ሸራው ላይ አነጠፍኩት። እስኪነጋ አልነቃሁም።

ከዚያ ወዲህ የሸራ አልጋ ልግዛ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው። የሸራ አልጋ ከመሬት ያነሳችኋል፣ ከድንጋይና ከእርጥበት ይገላግላችኋል፣ ማሞቅ ግን አያሞቃችሁም። ያንን የምታደርጉት እናንተ ናችሁ፣ ከሥር በምታነጥፉት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መሬት ላይ ስትተኙ ከሥራችሁ ያለው አፈር ቀዝቃዛ ቢሆንም ባለበት ይቆያል። ሸራ ላይ ስትተኙ ከሥራችሁ ያለው አየር ነው፤ አየር ደግሞ ይመላለሳል። ሰውነታችሁ ያሞቀውን ይዞት ይሄዳል፣ አዲስ ቀዝቃዛ ያመጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ። ስሊፒንግ ባጉም እዚህ ላይ ብዙ አይረዳችሁም። የሚያሞቃችሁ ውስጡ ያለው ሙሊት ተነፍቶ አየር ስለሚይዝ ነው፤ ከሥራችሁ ያለው ክፍል ግን በክብደታችሁ ተጨፍልቆ እንደ አንሶላ ይሳሳል።

አያቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። የጠፍር አልጋ ያየ ሰው ያስታውሳል፤ አራት እግር፣ የእንጨት ቋሚና አግዳሚ፣ መሃሉ በቆዳ ጠፍር ተወጥሮ ከሥሩ ባዶ ነው። በባዶ ጠፍር ላይ ግን ማን ይተኛል? ቁርበት ይነጠፍበታል፣ ከቁርበቱ ላይ አጎዛ ይደረባል። የዛሬው የሸራ አልጋ የዚያ አልጋ ዘመድ ነው። ጠፍሩ ፖሊስተር ሆነ፣ እንጨቱ አሉሚኒየም ሆነ፣ ቁርበቱን ግን ረሳነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

መጀመሪያ ራሳችሁን ለኩ። አብዛኛው የሸራ አልጋ 190 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ርዝመት አለው። ቁመታችሁ 175 ድረስ ከሆነ ይበቃችኋል። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ግን 200ና ከዚያ በላይ የሆነውን ፈልጉ፤ ምክንያቱም ስትተኙ እግር ይዘረጋል፣ ትራስም ቦታ ይወስዳል፣ ሌሊት ደግሞ ሳታውቁት ወደ ታች ትንሸራተታላችሁ። ከቁመታችሁ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ካለው አትሳሳቱም።

ስፋቱ ላይ ሰው ብዙ ይሸወዳል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ከውጭ ወደ ውጭ የተለካው ነው፤ ከዘንግ እስከ ዘንግ። እናንተ የምትተኙት ግን በሁለቱ ዘንጎች መካከል ነው። 70 ሴንቲ ሜትር የተባለው አልጋ ላይ ስትወጡ ሸራው ትንሽ ስለሚረግብ የጎን ዘንጎቹ ከፍ ብለው ይቀራሉ፣ ክንዳችሁም በቀጥታ እነሱ ላይ ያርፋል። በጀርባችሁ የምትተኙ ከሆነ እጃችሁ ደንዝዞ ትነቃላችሁ። ትከሻችሁ ሰፊ ከሆነ ወይም ስትተኙ የምትገላበጡ ከሆነ 75፣ ቢቻል 80 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ቤት ውስጥ ወለል ላይ በጀርባችሁ ተኙና ሰው ከክርን እስከ ክርናችሁ ይለካችሁ። ያ ቁጥር ከሁለቱ ዘንጎች መካከል ካለው ስፋት ማነስ አለበት።

ከፍታው ደግሞ በጉልበታችሁ ይወሰናል። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከመሬት የሚነሱ አሉ፤ ቀላል ናቸው፣ ድንኳን ውስጥ ይመቻሉ፣ ግን ከነሱ ላይ መነሳት ከወለል እንደመነሳት ነው። ከ40 እስከ 45 የሚደርሱት እንደ ወንበር ናቸው፤ ትቀመጡባቸዋላችሁ፣ ጫማ ታስራላችሁ፣ ሻንጣ ከሥራቸው ይገባል። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ዝቅተኛው ላይ ተኝታ ጠዋት ሁለት ሰው ነው ደግፎ ያነሳት። ከፍ ያለውን ካገኘች ወዲህ ራሷ ተነስታ እሳት አንድዳ ነው የምታገኘን። ትልልቅ ሰዎችን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በዚህ ጉዳይ አትደራደሩ።

ክብደት የሚችለውን ስታዩ የራሳችሁን ክብደት ብቻ አታስቡ። ልብሱ አለ፣ ምንጣፉ አለ፣ ደግሞ ማንም ሰው አልጋ ላይ ቀስ ብሎ አይቀመጥም። ከራሳችሁ ክብደት ቢያንስ 30 ኪሎ ትርፍ የሚችል ውሰዱ። ከአሜሪካ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በፓውንድ ነው የሚጻፍበት፤ 300 ፓውንድ ማለት 136 ኪሎ ነው። ርዝመቱም በኢንች ነው፤ 75 ኢንች 190 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ከውጭ ሰው የሚያመጣላችሁ ከሆነ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ሲታጠፍ ምን ያህል ይረዝማል፣ ስንት ኪሎ ነው። ብዙ አየር መንገዶች ላይ የአንድ ሻንጣ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ተደምሮ 158 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 23 ኪሎ ነው ገደቡ። ታጥፎ አንድ ሜትር የሚሆን አልጋ ቀጭን ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያልፋል፣ ግን ለብቻው አንድ ሻንጣ ይቆጠራል። ዘመድ ላይ ይህን ሳትነግሩ አትጫኑ።

ሱቅ ውስጥ ተኙበት

እፍረት ይዟችሁ ሳትተኙበት እንዳትገዙ። በእጅ ጫን ጫን አድርጎ «ጠንካራ ነው» ማለት ምንም አይነግራችሁም። ጫማችሁን አውልቁ፣ ውጡበት፣ አሥር ደቂቃ ተኙ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ሁሉም አልጋ ይመቻል። ችግሩ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

በጀርባችሁ ስትሆኑ ዳሌያችሁ ከትከሻችሁ በጣም ዝቅ ካለ ሸራው ረግቧል ማለት ነው፤ ጠዋት ወገባችሁ ይነግራችኋል። በጎናችሁ ተኙና አብሯችሁ ያለው ሰው ከኋላ ሆኖ አከርካሪያችሁን ይይ፤ ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለበት፣ እንደ ገመድ መሃሉ ከረገበ ይቅርባችሁ። በሌላ በኩል ደግሞ እንደ ከበሮ የተወጠረ ሸራ በጎኑ ለሚተኛ ሰው ትከሻና ዳሌ ላይ ይከብዳል። እሱ ግን በምንጣፍ ይታረማል። የረገበው አይታረምም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ከተቸገራችሁ ጠንከር ያለውን ውሰዱ።

ከዚያ ተገላበጡ። ሲጢጥ ይላል? አንድ ድንኳን ውስጥ ሦስት ሰው ሲያድር ያ ድምፅ የሁሉንም እንቅልፍ ነው የሚወስደው። ወደ ታች ደግሞ እግራችሁን ዘርጉ። አንዳንዶቹ አልጋዎች ራስጌና ግርጌ ላይ ሸራውን የሚወጥር አግዳሚ ዘንግ አላቸው። ረጅም ሰው ከሆናችሁ ቁርጭምጭሚታችሁ በቀጥታ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ያለ ዘንግ የሚወጠር ከተገኘ የተሻለ ነው። ካልተገኘም ርዝመቱን ጨምሩ።

በመጨረሻ ጠርዙ ላይ ተቀመጡ፤ እግሮቹ ካሉበት ላይ ሳይሆን መሃል ለመሃል። የጎን ዘንጉ ጎብጦ ካያችሁት መልሱት።

ስለ ብረትና አሉሚኒየም ብዙ አልልም። በመኪና የምትሄዱ፣ አልጋውን ቤት ለእንግዳም የምትፈልጉት ከሆነ ብረቱ ይበቃል፤ 8፣ 9 ኪሎና ከዚያ በላይ ይከብዳል፣ ግን ይችላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሰው ወይም በቅሎ የሚሸከመው ከሆነ አሉሚኒየም። ሰሜን ተራሮችን እንደ ምሳሌ ብንወስድ ሳንቃ በርና ጨነቅ ድረስ መኪና ይገባል፣ ግጭ ግን በእግር ነው፣ ዕቃው በበቅሎ ነው የሚሄደው። በቅሎ ላይ ረጅም ጠንካራ ነገር ሲጫን ጎኗን ይመታታል። ስለዚህ አጥሮ የሚታጠፈውን ምረጡ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁም ስጡ።

ሸራውን ስታዩ ከጨርቁ ውፍረት በላይ ስፌቱን እዩ። ዘንጉ የሚገባበት ጠርዝ ድርብ ስፌት አለው? ማዕዘኖቹ ላይ ተጨማሪ ጨርቅ ተደርቧል? የሸራ አልጋ መሃሉ ሲቀደድ ብዙም አላየሁም፤ የሚለቀው ሁልጊዜ ጠርዙ ነው፣ እግሩ ካለበት አጠገብ።

አዘረጋጉ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትዘረጉት ሳሎናችሁ ውስጥ ይሁን። እባካችሁ። ሲመሽ፣ ሲነፍስ፣ በባትሪ ብርሃን አዲስ አልጋ መዘርጋት ሰው ያጣላል። አዲስ ሸራ በጣም ጠባብ ስለሆነ የመጨረሻው አግዳሚ ዘንግ እምቢ ይላል። አንዱን ጫፍ መጀመሪያ ቀዳዳው ውስጥ አስገቡ፣ ከዚያ የአልጋውን አንድ ጎን በእግራችሁ ደግፋችሁ ሌላውን ጎን በክብደታችሁ ግፉት፣ ዘንጉ ይገባል። ጣታችሁን በዘንጉና በማዕዘኑ መካከል እንዳታስገቡ፤ ሲገባ በኃይል ነው የሚገባው። አሁንም እምቢ ካለ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ተዉት፣ ጨርቁ ይለዝባል። ከገባ በኋላ አንድ ሁለት ሌሊት ቤት ውስጥ ተዘርግቶ ይደር፣ ሰውም ይተኛበት። ካምፕ ላይ በቀላሉ ይዘረጋላችኋል።

ድንኳናችሁንም አስቡ። ጉልላት ቅርጽ ያለው ድንኳን ግድግዳው ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ወለሉ 210 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ስትተኙ ርዝመቱ አጥሮ ታገኙታላችሁ፤ ራሳችሁ ወይም እግራችሁ ጨርቁን ይነካል። ሌሊት ደግሞ በትንፋሽ ምክንያት የድንኳኑ ግድግዳ ውሃ ያቋጥራል፣ የስሊፒንግ ባጋችሁ ጫፍ ርሶ ይነጋል። አልጋውን ድንኳኑ ውስጥ ዘርግታችሁ ሞክሩት፣ ያውም ቤት ሳላችሁ።

ቦታው ሜዳ ይሁን። ትንሽ ተዳፋት ከሆነ ራስጌው ወደ ላይ። ወደ ጎን ያዘነበለ ቦታ ላይ ግን በፍጹም አትዘርጉ፤ ሌሊቱን በሙሉ አንድ ዘንግ ላይ ተጣብቃችሁ ታድራላችሁ። ከመዘርጋታችሁ በፊት መሬቱን በደንብ እዩ፣ የጉንዳን መንገድ ካለ ሌላ ቦታ ፈልጉ። አልጋ ላይ ስለሆንኩ አይደርስብኝም አትበሉ፣ እግሩን ይዞ ይወጣል።

እግሮቹ ከሥር ክብ ፕላስቲክ ያላቸው ከሆኑ የድንኳኑን ወለል ሊበሱት ይችላሉ። ያረጀ ነጠላ ጫማ ፈልጉና በመቀስ ቁረጡት፣ ለእያንዳንዱ እግር የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ። ላንጋኖ አሸዋ ላይ ወይም ዝናብ የነካው ሣር ላይ ከሆነ እሱም አይበቃም፤ ጠፍጣፋ ጣውላ አድርጉበት፣ አለበለዚያ አንዱ እግር ሰምጦ አልጋው ይጣመማል። ከእግር ይልቅ መሬቱን የሚነካ ረጅም ዘንግ ያላቸው አልጋዎች አሉ፤ ለስላሳ መሬት ላይ ከሁሉም የተሻሉ እነሱ ናቸው።

አነጣጠፉ

ደጋ ላይ ከሆናችሁ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ከሥር ነፋሱን አስቀሩ፣ ከዚያ አንጥፉ፣ ከዚያ ተኙ፣ መጨረሻ ላይ ልበሱ።

ነፋሱን ለማስቀረት ሻንጣችሁን፣ ጆንያውን፣ ያላችሁን ዕቃ ሁሉ ከአልጋው ሥር ደርድሩ። አየር መመላለሻ ሲያጣ ይረጋል። ከፍ ያለ አልጋ ከሆነ ብርድ ልብስ ወይም ላስቲክ በሁለቱ ጎን ዘንጎች ላይ ወርውራችሁ እስከ መሬት አውርዱት። ቀላል ነገር ነው፣ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው።

ከዚያ ምንጣፉ። አጎዛ ያለው ሰው እድለኛ ነው። ጠጉሩ አየር ይይዛል፣ በክብደት ብዙም አይጨፈለቅም፣ ትንሽ እርጥበት ቢነካውም ሙቀቱን አይጥልም። ሁለት አጎዛ፣ አንዱ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ አንዱ ከወገብ እስከ ጉልበት፣ ጠጉሩ ወደ ላይ። እኔ አሁን ደጋ ስወጣ የምይዘው ይህንን ነው። ክብደት አለው፣ ጠረንም አለው፣ ግን እስከ ዛሬ እንደሱ ያሞቀኝ ነገር የለም።

አጎዛ ከሌላችሁ ዮጋ ማት ያዙ። ቀዳዳ የሌለው ስፖንጅ ስለሆነ ውሃ አይመጥም፣ ሲተኙበትም አይጨፈለቅም። ስስ ከሆነ ሁለት ደርቡ። የፍራሽ ስፖንጅ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ሲጫኑት ወረቀት ይሆናል፣ እርጥበትም ይጠጣል። ለካምፕ ተብሎ የተሠራ ምንጣፍ ከገዛችሁ «አር ቫልዩ» የሚባል ቁጥር ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ብርድ የመከላከል አቅሙ ይጨምራል። እንደ ሳንቃ በር፣ ግጭ ወይም ባሌ ሳነቴ ላይ ውርጭ በሚጥልበት ወቅት 4 እና ከዚያ በላይ እፈልጋለሁ። ሁለት ምንጣፍ ስትደርቡ ቁጥራቸው ይደመራል፣ ስለዚህ ሁለት ባለ 2 እንደ አንድ ባለ 4 ይሠራሉ። የሚነፋውን ምንጣፍ የምትወዱ ከሆነ ውስጡ ሙሊት ያለው መሆኑን አረጋግጡ፤ ባዶ አየር ብቻ ያለው በሸራ አልጋ ላይ ራሱ ይቀዘቅዛል። ደግሞም ይንሸራተታል፣ በሁለት ገመድ ከአልጋው ጋር እሰሩት።

ጋቢውም በጣም ጥሩ ነው፣ በተለይ ምንጣፉ ላይ ታጥፎ ሲነጠፍ። አንድ ጋቢ ብቻ ካላችሁና ከላይ ልልበስ ወይስ ከሥር ላንጥፍ ብላችሁ ከተቸገራችሁ፣ ከሥር።

ትራሱ ዝቅ ያለ ይሁን። ሸራው ስለሚረግብ ቤት የለመዳችሁት ትራስ አንገታችሁን ይሰብረዋል። ሹራብ ታጥፎ በነጠላ ተጠቅልሎ ይበቃል። ወገባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ፎጣ ጠቅልላችሁ በጀርባችሁ ስትተኙ ከጉልበታችሁ ሥር፣ በጎናችሁ ስትተኙ በጉልበቶቻችሁ መካከል አድርጉት።

ከመተኛታችሁ በፊት ብሉ፣ ሽንት ቤት ውጡ፣ ካልሲ ቀይሩ። ቀን የሄዳችሁበት ካልሲ በላብ ርሷል፣ ደረቅ ቢመስልም። ኮዳችሁ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ በደንብ ዘግታችሁ፣ ካልሲ አልብሳችሁት በጭኖቻችሁ መካከል ያዙት። ግማሹን ሌሊት ያሻግራል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልለምናችሁ። ከሰል ይዛችሁ ድንኳን ውስጥ አትግቡ። አልጋው ከፍ ስላለ ምድጃውን ከሥሩ ላድርግ፣ ትንሽ ረመጥ ብቻ ነው፣ ጭሱ አልቋል የሚል ሰው አይቻለሁ። ጭሱ ቢያልቅም ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ተኝታችሁ ሳትነቁ ይገድላል። ድንኳኑ ትንሽ ክፍት ነው ማለትም አያድንም። ከበረዳችሁ ውጡና ውጭ ሙቁ።

ቆላ ላይ ተገላቢጦሽ ነው

ዳሎልን ለማየት የሄደ ሰው ሐመድ ኢላ መንደር ላይ ያሉትን የእንጨትና የጠፍር አልጋዎች ያውቃቸዋል። እዚያ ምድሩ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፣ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋል። ሰው ሰማይ ሥር አልጋ ላይ ነው የሚያድረው። ደጋ ላይ ያሰቃየኝ ያው ነፋስ እዚህ ይፈለጋል። ከሥር ዕቃ አትደርድሩ፣ ወፍራም ምንጣፍ አታንጥፉ። ሸራው ላይ ነጠላ ወይም ስስ አንሶላ ብቻ፤ ላባችሁ ፖሊስተሩ ላይ እንዳይጣበቅ። ሲነጋጋ ቀዝቀዝ ስለሚል አንድ ቀጭን መደረቢያ አጠገባችሁ ይኑር።

አዋሽ፣ አርባ ምንጭ፣ ኦሞ፣ በአጠቃላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባለ ቦታ ላይ ወባ አለ ብላችሁ ተዘጋጁ። አጎበር ያዙ፣ ገመድ በሁለት ዛፍ መካከል ወጥራችሁ ስቀሉት። ጫፉን ወደ መሬት አትልቀቁት፤ ዙሪያውን ከምንጣፋችሁ ሥር ጠቅጥቁት፣ ምክንያቱም አልጋው ከሥሩ ክፍት ስለሆነ ትንኟ ከታች ትገባለች። ሸራው ስስ ከሆነ ትንኝ በጨርቁ በኩልም ትነክሳለች፣ ስለዚህ እዚህም ቢሆን አንድ አንሶላ ከሥር አይቅር። ክንዳችሁ አጎበሩን እንዳይነካ ሰፊ አልጋ የሚጠቅመው እዚህም ነው። ጫማችሁን ደግሞ ከአልጋው ሥር አትተዉት፣ ጠዋት ከመልበሳችሁ በፊት ገልብጣችሁ አራግፉት፤ ጊንጥ ይወደዋል።

ልጆች ላይ አንድ ቃል ልበል። ለትንንሾቹ ከ20 ሴንቲ ሜትር የማይበልጠውን ስጧቸው፣ በሁለቱም ጎን ሻንጣ ደርድሩ። ጨቅላ ሕፃን ግን በሸራ አልጋ ላይ አይተኛም፤ ሸራው ሲረግብ ፊቱ ጨርቁ ውስጥ ሊቀበር ይችላል።

ሲነጋ

ስትነሱ ምንጣፉን አንሱና ሸራውን በእጃችሁ ዳስሱት፣ ርሶ ታገኙታላችሁ። የሰውነታችሁ ላብ ነው፣ ቀዝቃዛው ሸራ ላይ ደርሶ ውሃ የሆነ። ሁሉንም ፀሐይ ላይ አስጡት። ርሶ የታጠፈ ሸራ በሳምንት ውስጥ ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም። ዝናብ ሆኖ ርሶ ማጠፍ ግድ ከሆነባችሁ ቤት በገባችሁበት ማታ ዘርጉት፣ ነገ አትበሉ።

ከማጠፋችሁ በፊት መጋጠሚያዎቹን በብሩሽ አራግፉ። አሸዋ ገብቶባቸው ሲታጠፉ ነው አሉሚኒየሙ የሚበላው። ሲጢጥ የሚለውን በዘይት ለማስቆም አትሞክሩ፣ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ሻማ ውሰዱና የሚፋተጉትን ቦታዎች እሹት፣ ዝም ይላል።

ጠርዙ ላይ ያለው ስፌት መላላት ሲጀምር ቀዳዳ እስኪሆን አትጠብቁ። ሰፈራችሁ ጫማ ሰፊ ጋ ውሰዱት፤ የእሱ መርፌና ሰም የተቀባ ክር ከልብስ ሰፊው የተሻለ ነው። ከአሮጌ ቦርሳ የተቆረጠ ወፍራም ጨርቅ ከውስጥ ይደርብበት፣ ዘንጉ የሚገባበትን ቀዳዳ ግን እንዳያጠብ ንገሩት። የእኔ አልጋ ሁለት ማዕዘኑ እንዲህ ተሰፍቶ አሁንም ይሠራል። ስትሰጡት ዘንጉንም ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው አስገብቶ ይለካው።